ኦናው ባለቤት አለው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ስልክና ካሜራ የያዘ ወጣት ይበዛል። ብዙው የሚፈልገው አደይ አበባ አይደለም፤ የዛገ ታንክ፣ ጣሪያው የተገፈፈ ግቢ፣ አጽም የተረፈረፈበት ዋሻ፣ ባቡር የማያልፍበት ሐዲድ ነው። እኛ ይህን የምንጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ በፎቶግራፍ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነንና ምርጫውን አንነቅፍም፤ ኦና ቤት ፎቶ ላይ ከሠርግ አዳራሽ ይልቅ እንደሚያምር እናውቃለን። ቅር ያለን ሌላ ነው። ፎቶዎቹ ሲወጡ ቦታው በስሙ አይጠራም፣ ዘመኑ ይምታታል፣ ማን እንደፈቀደ አይታወቅም። አንዳንዴም የተሰነጠቀ ግድግዳ ተደግፎ የተነሳውን ልጅ ስናይ በደህና መመለሱ ይገርመናል።

ከሰላምታ እንጀምር። ወሎ ውስጥ «ሰው የለበትም» ተብሎ የሚታለፍ ቦታ ሁሉ የሚያየው ሰው አለው። ከተማ የገባ ወራሽ አለ፣ ግቢውን ለሣር የያዘ ጎረቤት አለ፣ ደመወዝተኛ ጥበቃ አለ፤ ሌላው ቢቀር ከብቱን እዚያ የሚያውል እረኛ አይጠፋም። ስለዚህ አጥሩ የፈረሰ ቢሆንም እንደ ሰው ቤት «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ያስፈልጋል። መልስ ካልመጣ እዚያው ቆሞ ጥቂት መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከማሽላው ውስጥ አንድ ሰው ብቅ ይላል። ለሽማግሌው «አባባ፣ እንደምን ዋሉ»፣ ለቄሱ «አባ፣ ይፍቱኝ»፣ ለሼኹ «አሰላሙ ዓለይኩም» ከተባለ በኋላ ነው ካሜራ ከቦርሳ የሚወጣው። ቀድሞ የወጣ ካሜራ ወይ ገንዘብ ያስጠይቃል፣ ወይ ያስባርራል፤ የከፋ ቀን ደግሞ ሁለቱንም።

ወረቀትም ያስፈልጋል። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚወጣው የድጋፍ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብቻ ከሆነ ገጠር ላይ ብዙ አያስኬድም፤ የቀበሌው ሰው የራሱን ቀበሌ ስም ማየት ይፈልጋል። የሚሄዱት ሰዎች ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ፣ ቀኖቹ፣ የየቦታው ስም ይጻፍበት። በሁለት ኮፒ ተይዞ አንዱ ቀበሌው ዘንድ ይቅር። ኬላ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ ካምፕ አጠገብ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ ደግሞ ዕቃውንም ጉዞውንም ማጣት ነው፤ በአሁኑ ጊዜ ከሰማይ የሚሰማ የድሮን ድምፅ ለገጠሩ ሰው ምን እንደሚያስታውሰው ማሰብም ተገቢ ነው።

ወደ ታንኩ እንምጣ። በሰሜኑ መንገድ ዳር የቀረው ብረት ሁሉ በማኅበራዊ ገጾች «የ2014ቱ ጦርነት ቅሪት» ይባላል። ከመካከሉ ግን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ እዚያው የተቀመጠ ሞልቷል። ዓይነቱን ለመለየት የጎኑን ጎማ መቁጠር ይበቃል። ቲ-55 በጎኑ አምስት ትላልቅ ጎማ አለው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ከሌላው ይሰፋል። ቲ-62ም አምስት ነው፤ የእሱ ሰፋፊ ክፍተት ግን ወደ ኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። ቢኤምፒ-1፣ ወታደር የሚጭነው ብረት ለበስ፣ ስድስት ትናንሽ አለው። ሰንሰለት ሳይኖረው በላስቲክ ጎማ የሚሄደው ብረት ለበስ ሁለቱ ጎን ተደምሮ ባለ ስምንት ጎማ ከሆነ ቢቲአር፣ ባለ አራት ከሆነ ቢአርዲኤም ነው። ታንክ ያልሆነውን «ታንክ» ብሎ መጻፍ አይሱዙን አውቶቡስ እንደማለት ነው።

ዓይነቱ ግን ዘመኑን አይነግርም፤ ቲ-55 በሁለቱም ጦርነት ተሰልፏል። ዘመኑን የሚነግረው ዙሪያው ነው። በሰንሰለቱ መሐል የበቀለ ግራር ክንድ ካከለ፣ ቀለሙ አልቆ ዝገቱ እኩል ጠቁሮ ከሆነ፣ በእጅ ሊፈታ የሚችለው ሁሉ ለማረሻና ለወፍጮ ተፈትቶ ካለቀ አሮጌ ነው። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታና ብርቱካንማ፣ ገና የሚረግፍ ዝገት ካለ ቅርብ ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የመንደሩን ሽማግሌ መጠየቅ ነው፤ የቆመበትን ወር ጭምር ይነግሩዎታል። ዝገት የሚያምረው ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ገና ዳመና ሳለ ነው፤ ርጥቡ ብረት ቀለሙ ይጎላል። በቀትር ፀሐይ ያው ብረት ነጣ ብሎ ይወጣል። ፖላራይዘር፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ፣ ያለው ሰው እያዞረ የርጥበቱን ነጸብራቅ ይቀንስ።

ከታንኩ ላይ መውጣት፣ ውስጡ መግባት፣ እረኛ ልጆችን አሰልፎ ማስወጣት ግን ፈጽሞ አይገባም። ውስጡ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል፤ ዙሪያው ደግሞ ከውስጡ ይብሳል፤ ሣር የሸፈነውን ማንም አያየውም። የሚኬደው ከብት በሚሄድበት የተረገጠ መንገድ ላይ ብቻ ነው። የተቆለለ ድንጋይ፣ የተሰካ እንጨት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ምልክት ካለ ሰው ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ መመለስ ነው። እንግዳ ብረት ከታየ አለመንካት፣ በድንጋይ አለመሞከር፣ ለፎቶ ብሎም አለመቅረብ። ባሉበት ቆም ብሎ፣ የመጡበትን ዱካ እየረገጡ ወጥቶ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ መናገር ነው። ከሰባ እስከ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ሰው ከመንገዱ ዳር ሆኖ ጥሩ ፎቶ ያገኛል፤ ሌላው ይቅርበት።

ስለ ወና ቤቶች ሲወራ ሰው የሚፈራው ጂኑን ነው። እኛ የምንፈራው ጣሪያ የሌለውን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ነው። ጣሪያው ሲሄድ ዝናቡ በግድግዳው አናት ይገባል፤ ጭቃው ከውስጥ ይታጠብና ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ብቻ ተደግፎ ይቀራል። ክረምቱን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ይቆምና መድረቅ ሲጀምር፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ይሰነጠቅና ይወድቃል። ያው የፎቶ ወቅት መሆኑ ነው አስቸጋሪው። ከግድግዳው ቁመት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መራቅ ይበቃል፤ ሦስት ሜትር ከሆነ አራት ሜትር ተኩል። ሆዱ የተነፋ፣ ከማዕዘኑ ጀምሮ ሽቅብ የተሰነጠቀ ግድግዳ አጠገብ ግን ጨርሶ አለመድረስ ነው። የእንጨት ወለል ያለው ፎቅ ላይ ምስማሩ የተሰለፈበትን መስመር መርገጥ ነው፤ ከሥሩ ተሸካሚው አለ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ጣውላ በነቀዝ አልቆ ቀለሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚንጠለጠል ቆርቆሮ ሥር በነፋስ ቀን መቆም አይገባም።

በቆላው በኩል፣ በቆቦና በቃሉ አካባቢ፣ ሌላ ነገር አለ። ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ነው፤ ባለቤቱ ጥሎት ሲሄድ ሣር ይሸፍነዋል። በዱላ እየነኩ መሄድ ነው። ለፎቶ ብሎ ወደ ውስጥ የሚወርድ ደግሞ አይጠፋም፤ ከእህሉ የሚወጣው የታመቀ አየር ከንጹሕ አየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ የወረደውን ሰው ራሱን ያስተዋል። ሊያወጣው የሚወርደውም አብሮ ይቀራል። የሌሊት ወፍ ያደረበት ዋሻና ሰገነትም ኩሱ ሲደርቅ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ኤን-95 ጭምብል ይደረግ፤ የጨርቁ አይበቃም።

ይምርሐነ ክርስቶስ ላይ ብዙ እንቆያለን፤ ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነውና። ከላሊበላ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ፣ እንጨቱና ነጭ ልስኑ በተራ የተደረደረበት፣ የአክሱምን አሠራር የያዘ ነው። ከጀርባው የብዙ ሰው አጽም ተረፍርፎ ይታያል፤ ትውፊቱ ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ናቸው ይላል። አንዳንድ ፎቶ አንሺ ራስ ቅሉን አንስቶ ከፊት ያስቀምጣል፣ ሻማ ያበራበታል። ይህ ነውር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማበላሸትንና ከቦታው ማንሳትን የሚከለክል ነው። የደረቀ አጽም በእጅ ሲነካ ይፈርሳል፤ የተጣበቀበት ቆዳና ገመድ ከተነቃነቀ እንደነበረ አይመለስም። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ውስጥ በግድግዳው ዋሻ ያሉትም እንዲሁ ናቸው።

የዋሻው አፍ በግንብ ስለተዘጋ ብርሃኑ ትንሽ ነው። ፍላሽ አይተኮስም፤ ሥዕሉን ይጎዳል ስለሚባል ብቻ አይደለም፤ የፊቱን ድንጋይ አንጥቶ የኋላውን ድቅድቅ ስለሚያደርገው ፎቶውም አይረባም። ትራይፖድ ይፈቀድ እንደሆነ አባን መጠየቅ፣ ከተፈቀደ እግሩ ላስቲክ ያለው ይሁን። መለኪያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 አድርጎ መሞከሪያ ማንሳት። በሩብ ሰከንድ ደህና ከወጣ አይኤስኦውን ወደ 100 መመለስ፤ ስድስት ጊዜ በግማሽ ስለወረደ ጊዜው ስድስት ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል፤ 16 ሰከንድ ማለት ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱን ሙከራ ግማሽ ደቂቃ ሳይጠብቁ ልኩ ይገኛል። ከዚያ አንድ ሁለት ደረጃ አጨልሞ፣ አንድ ሁለት ደረጃ አብርቶ መድገም (አንድ ደረጃ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)፤ የበራው በርና ጨለማው ጥግ በአንድ ፎቶ አይያዙም። ጧፍ በርቶ ከሆነ የጧፉ ብርሃን ቢጫ፣ ከበሩ የሚገባው ሰማያዊ ነው። ሁለቱን በአንድ የቀለም ሚዛን ማስታረቅ አይቻልም፤ አንዱን መምረጥና ሌላውን እንደ መልኩ መተው ነው። ቤተ መቅደሱ መጋረጃ በኩል ሌንስ አይዞርም። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ይያዝ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለና ካልሲው አፍ ላይ መድኃኒት መነስነስ ያዋጣል። ይህን የሚነግር የጉዞ መጽሔት ጥቂት ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ሴት ባለሙያ ያለበት ቡድን ይህን አውቆ ይሂድ፤ በር ላይ መከራከር ምንም አይለውጥም።

መቅደላን በተመለከተ፣ «የሴባስቶፖል መድፍ፣ መቅደላ» ተብሎ ከሚሰራጨው ፎቶ ብዙው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ምስለ ቅርጽ ነው። እውነተኛው፣ ጋፋት ላይ የተቀለጠው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ጥለውት የሄዱት፣ ዛሬም አምባው ላይ ነው። ከጀርባው የከተማ ሕንፃ ካለ ፎቶው የአዲስ አበባው ነው። መቅደላ ገጠር ነው። እዚያ ስንቅና ውሃ ተይዞ፣ ከወረዳው ሰው ጋር ይወጣል። ጥቁር ብረት በጠራ ሰማይ ፊት ሲነሳ ካሜራው ሰማዩን ይለካና መድፉን ጥቀርሻ ያደርገዋል፤ መለኪያውን በብረቱ ላይ አድርጎ መቆለፍ ይሻላል።

የባቡሩ መስመር ወጣቱን በጣም ይስባል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 392 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋሻውም ድልድዩም ባዶውን ሲታይ በእርግጥ ያስፈራል። ግን መስመሩ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታቀደ፣ ለ25 ሺህ ቮልት የተዘጋጀ ነው። ባቡር ስላላለፈ ሽቦው ሞቷል ብሎ መገመት አይገባም፤ እንዲህ ያለ ሽቦ ሳይነኩትም፣ በቅርበት ብቻ፣ ይመታል። የራስ ፎቶ ዱላና የተዘረጋ ትራይፖድ ወደ ላይ አይነሳ። ጥበቃ አለው፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከጥበቃው ሳይሆን ከድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ነው። ከሐዲዱ ይልቅ በሐዲዱ ላይ ፍየል የሚነዳውን ሰው፣ አስፈቅዶ፣ ማንሳት ፎቶውን ያሳምራል የሚል እምነት አለን።

ስለ ጉምና ስለ ብርሃን ጥቂት። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ናቸው፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ከቆላው የሚወጣው ርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ በክረምትና በበልግ ጧት ጧት አሮጌው ግንብ ሁሉ በጉም ውስጥ ይንሳፈፋል። ካሜራ ጉምን አይቶ «በጣም በራ» ብሎ ያጨልማል፤ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ደረጃ መጨመር ነው። ጉሙ ላይ ሠርቶ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ደግሞ ሌንሱ ላብ ያልበዋል። መፍትሔው ደሴ ላይ እያሉ ካሜራውን በፌስታል አጥብቆ ማሰር፣ ኮምቦልቻ ከደረሱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይፈቱ መተው ነው፤ ላቡ በፌስታሉ ላይ ይቀራል። በጨርቅ መጥረግ ከውስጥ ያለውን አያደርቅም።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ድንግዝግዙ አጭር ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ትራይፖዱ ከአመሻሹ 12 ሰዓት በፊት ተተክሎ ማለቅ አለበት። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በቀትር ትክክል አናት ላይ ትሆናለች፤ ያኔ ግድግዳ ጥላ የለውም፤ እረፍት ማድረጊያ ሰዓት ነው። ከዋክብት በክብ ሲዞሩ ማንሳት የሚፈልግ ሰው የሰሜን ኮከብ ወሎ ላይ ከአድማስ 11 እና 12 ዲግሪ ብቻ ከፍ እንደምትል ይወቅ፤ ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ አንድ ጡጫ ያህል ነው። ሰሜኑን ተራራ ከከለለው አትታይም፤ ቀን ሄዶ ማረጋገጥ ነው። ኮከቡ መስመር ሳይሆን ነጥብ ሆኖ እንዲወጣ 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈልና በወጣው ሰከንድ ማንሳት ይበቃል፤ በ24 ሚሊ ሜትር 20 ሰከንድ ገደማ። በኦና ቤት ውስጥ ባትሪ እያዟዟሩ ማብራት የሚወዱ አሉ፤ ከካሜራው ጎን ሳይሆን ከግድግዳው ጎን አግድም ቢበራ የድንጋዩ ጎድጓዳ ሁሉ ይታያል። ለጎረቤት ግን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በሌሊት ኦና ውስጥ የሚዟዟር መብራት ያየ ገበሬ ሌባ ነው ብሎ ቢነሳ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው አይዘን። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ መጥረግ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ ማስደገፍ፣ የሦስት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ መክፈት፣ በሚፈለገው ነገር ላይ ጣት ተጭኖ ቆይቶ መቆለፍና ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ። የሚያስፈራ ፎቶ በተፈጥሮው ጨለም ያለ ነው፤ ስልክ ሁሉን ካበራው የመጋዘን ፎቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰማዩን ሐምራዊ የሚያደርገውን ማጣሪያ እባካችሁ ተውት።

የቀረው ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ነው፤ እርስዎንም የሚመለከተው ይኸው ነው። ደሴ ያለው አይጠየፍ «ማንንም አይጠየፍም» ተብሎ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ስም ሆኖ የወጣለት ነው፤ መርሆ ግቢም የልዑል አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበር። የአሮጌ ግቢን በር አንስቶ «የጂን ቤት፣ ኢትዮጵያ» ብሎ መጻፍ ስሙን መንጠቅ ነው። በቅርቡ ጦርነት የተቃጠለ የገበሬ ቤት ከሆነ ደግሞ የሐዘን ቤት ነው፤ ፊቱ ቆሞ መሳቅ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደመሳቅ ይቆጠራል። በሌላ በኩል፣ መጽሐፍና መስቀል ያለበት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲነሳ የስልኩን ቦታ መጠቆሚያ አጥፍቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ትክክለኛውን ነጥብ የሚፈልገው ሌባም ነውና ወረዳውን መጻፍ ይበቃል።

ስለዚህ ጋዜጣው ከአንባቢ የሚመጣን የፍርስራሽ ፎቶ ሲያትም አራት ነገር እንዲጠይቅ እንለምናለን፦ ቦታው በነዋሪው አፍ የሚጠራበት ስም፣ ወረዳው፣ የተነሳበት ቀንና ወር፣ የፈቀደው ሰው ወይም ጽሕፈት ቤት ማን እንደሆነ። አራተኛው መታተም የለበትም፤ እናንተ ዘንድ ተጽፎ ይቀመጥ። አራቱን መሙላት ያልቻለ ላኪ ፎቶው ይመለስለትና ተመልሶ ሄዶ ይጠይቅ፤ ሰዎቹ እዚያው ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ ፎቶግራፍ አንሺዎች